የዓመት በርበሬ፣ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ… ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል?

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የዓመቱ በርበሬያችን ሰሞኑን ተፈጭቶ ገብቷል። ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። አንድ ኪሎ እንኳ ሻግቶ ሲጣል ያንገበግባል። ስለ ማቆያው በደንብ እንነጋገር ብዬ ነው።

እኔ በርበሬውን በአንድ ትልቅ ባልዲ አላስቀምጥም። ለወር የሚበቃውን በአንድ ጠርሙስ አወጣለሁ። የቀረውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አኖረዋለሁ። ብዙ ሰው በርበሬን የሚያበላሸው ጊዜ ይመስለዋል። እኔ ግን ዋናው ጠላቱ በየቀኑ መከፈቱ ነው ባይ ነኝ። ወጡ እየፈላ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶት፣ ባልዲው ምድጃው አጠገብ አፉን ከፍቶ፣ ወጥ የተማሰለበት ማንኪያ እንዳለ እየገባበት ክረምቱን ይዘልቃል ማለት ዘበት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ዳጣው ፍሪጅ ውስጥ ሆኖም በሳምንቱ ሽታው ይቀየራል። «ከላዩ ዘይት አፍስሺበት» የሚሉኝ አሉ፣ ልክ ነው? ሰናፍጩስ ለምንድን ነው በማግስቱ ኃይሉ የሚጠፋው? ደግሞ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ታውቁታላችሁ፣ ያለችን አንዲት ካቢኔት ከምድጃው በላይ ናት። በርበሬውን የት ላድርገው?

ባለማዕድ

ልጄ፣ ስለ ማንኪያው ያልሽው እውነት ነው። ግን ማቆየት የሚጀመረው ከወፍጮ ቤት በፊት ነው። ዛላው በደንብ ካልደረቀ በወርቅ ዕቃ ብታስቀምጪውም አይቆይም። ስትገዢ ጨብጠሽ እዪው። ኮሽ ማለት አለበት፣ ፍሬውም ውስጡ ሲንኳኳ መሰማት አለበት። እንደ ቆዳ እየተለመጠ የሚመለስ ከሆነ እርጥበት አለበት ማለት ነው። ነጋዴ ክብደት እንዲያነሳለት ውኃ ረጭቶበትም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቀሽ ውስጡን ተመልከቺ። ከላይ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ የያዘ አለ። ስትቀነጥሺ ይህን ካልለቀምሽ አንዱ ሁሉን ያበላሸዋል።

ከዚያ ድልዙ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ እርጥቡን ነው ተደልዞ የሚገባው። ይህ ሁሉ ውኃ ነው። ፀሐይ ላይ ስታሰጪው ስስ አድርገሽ ዘርጊው፣ ቀን ላይ አገላብጪው፣ ማታ ጤዛ ሳይነካው አስገቢው። ሰማዩ ዳመና ከሆነ ቀን ይጨመርለት እንጂ «ይበቃዋል» ብለሽ አትሂጂ። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ታምሶ ሲገባም ቀዝቅዞ ይሁን።

ባለወፍጮ

እትዬ ባለማዕድ የተናገሩት ላይ እኔ የምጨምረው አለኝ። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፣ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ።

በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። እጅ ሲገባበት ያስታውቃል። ሰዉ ግን ቸኩሎ ወዲያው ፌስታል ውስጥ ይቋጥረዋል፣ ወይ ባልዲውን ግጥም አድርጎ ይከድንና ታክሲ ይይዛል። ሌሊቱን ያልበዋል። ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ሲያልበው አይታችሁ የለ? እንዲያው ነው። ላቡ ክዳኑ ላይ ይጠራቀምና ተመልሶ በርበሬው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታው የሚጀምረው እዚያች ከላይ የረጠበችዋ ቦታ ላይ ነው። ሰዎች በወሩ ተመልሰው መጥተው «ወፍጮው አበላሸብን» ይላሉ።

ቤት እንደገባችሁ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉት። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱም ከተፈጨ በኋላ ፀሐይ ቀለሙን ይወስደዋል። አንድ ሌሊት ያህል ይደር፣ በየመሃሉ አገላብጡት። እጃችሁን ስታስገቡ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዙን ስታረጋግጡ ብቻ ክደኑት። ሽሮም እንደዚሁ ነው።

የሜሪላንዷ

እኛ እዚህ አሜሪካ የምንጠቀመው ከአገር ቤት የሚላከውን ነው። አንዴ ከመጣ እስከሚቀጥለው ዓመት ሌላ ላይመጣ ይችላል፣ ስለዚህ በጣም እንጠነቀቃለን። እኔ የምተማመነው በፍሪዘር ነው። በግማሽ በግማሽ ኪሎ እየለካሁ ወፈር ባለ ላስቲክ አደርገዋለሁ፣ አየሩን ጨምቄ አስወጣለሁ፣ ሁለተኛ ላስቲክ እደርብበታለሁ። ቀለሙም ሽታውም ዓመቱን ሙሉ እንዳለ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከፍሪዘር የወጣውን እዚያው አትክፈቱት። እንደታሰረ ጠረጴዛ ላይ ይደርና የቤቱን ሙቀት ይያዝ። ቀዝቃዛ በርበሬ ሞቃት ቤት ውስጥ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፣ ወዲያው ይጓጉላል።

የጎንደሩ

ከፍሪዘሩ ሐሳብ ጋር አልስማማም። በርበሬ ፍሪጅ ከገባ ጠረኑ ይሞታል። እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው በእንስራና በቅል ከዓመት ዓመት አድርሰውን የለም ወይ? ከጎረቤት አንዲት ሴት ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጠው በርበሬ ሁልጊዜ እንደ ጭቃ ይጓጉላል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ቤተሙከራ

የተማርኩትም የምሠራውም የምግብ ሳይንስ ነው። የጎንደሩና የሜሪላንዷ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

በየቀኑ የሚከፈት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለበትም። ባወጣነው ቁጥር ያልበዋል፣ ጎረቤትህ ቤት ያየኸው ይህንን ነው። ተዘግቶ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ቅዝቃዜ ይጠቅመዋል። የበርበሬን ቀይ ቀለም የሚያጠፉት ሦስት ናቸው፦ ብርሃን፣ አየርና ሙቀት። አየሩ ተጨምቆ በደንብ ታስሮ ፍሪዘር ሲገባ ሦስቱም ይቀንሳሉ። እናቶቻችን ያለ ፍሪጅ ያቆዩትም እነዚህኑ ሦስቱን በሌላ መንገድ ስለተከላከሉ ነው። በደንብ የደረቀ በርበሬ፣ አፉ በጨርቅ ተጠቅጥቆ የተከደነ ዕቃ፣ ጨለማ ጓዳ፣ የደጋ ብርድ። ቆላ ብትወርድ ያው ዘዴ ያን ያህል አይሠራም።

መስኮት ላይ በጠርሙስ የሚደረደር በርበሬ ያምራል፣ ግን ቀለሙን ይለቃል። ጠርሙስ ከተጠቀማችሁ ካቢኔት ውስጥ ይግባ። የጀሞዋ፣ አንቺ ግን ከምድጃ በላይ ካለው ካቢኔት አውጪው። ከቤቱ ሁሉ የባሰው ቦታ እሱ ነው፣ ሙቀትም እንፋሎትም አንድ ላይ የሚወጣበት። የፍሪጅ ጀርባና አናትም ሙቀት ስላለው አይሆንም። መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ታች ወይም አልጋ ሥር ማድረግ በጣም ጥሩ ነው። ሳሙናና ነጭ ጋዝ ካለበት ብቻ አርቂው፣ ሽታ ይስባል።

የጅዳዋ

የእኛን አገር አየር ላስረዳችሁ። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ነው። ጨው የገባበት በርበሬ ክዳኑ ትንሽ ካልገጠመ በሳምንት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሪያድ ያለችው እህቴ ያንኑ በርበሬ ከእኔ ጋር ተካፍላ ወስዳ ምንም አይሆንባትም፣ እዚያ አየሩ ደረቅ ነው። ጨዉ ይሆን?

ቤተሙከራ

@የጅዳዋ አዎ፣ ጨዉ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ከአየር ላይ ውኃ መሳብ ይጀምራል። ጅዳ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፣ ሪያድ ግን እምብዛም አይደርስም። ከአገር ቤት ሲላክልሽ ያለ ጨው እንዲያስፈጩልሽ ንገሪያቸው፣ ጨዉን ስትሠሪ ትጨምሪዋለሽ። ሚጥሚጣም ጨው ስለሚበዛበት እንዲሁ ነው። ምጽዋም ሆነ አሰብ ጅቡቲም ያላችሁ ይህ ይመለከታችኋል።

አዲስ_ሙሽራ

ከላዩ ትንሽ ነጭ ነገር የያዘ በርበሬ አለኝ። አክስቴ «ከላዩ ጥረጊውና ፀሐይ አስመቺው፣ ከታች ምንም አይሆንም» አለችኝ። ይሆናል?

ቤተሙከራ

አይሆንም እህቴ። አክስትሽ በቅንነት ነው የነገሩሽ፣ ግን እባክሽ ጣዪው።

ምክንያቱን በደንብ ልንገርሽ። በዓይን የሚታየው ነጩ ነገር የሻጋታው ጫፍ ነው። የቀረው ውስጥ ለውስጥ ተሠራጭቷል፣ ዱቄት ላይ ደግሞ የት ድረስ እንደሄደ ማወቅ አይቻልም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ፀሐይ አስመተሽው ሻጋታው ቢደርቅም መርዙ ይቀራል። ወጥ ሆኖ ቢንተከተክም አይጠፋም፣ የወጥ ሙቀት አይበቃውም። አንድ ቀን ስለተበላ ላይታወቅ ይችላል፣ ለዓመታት ትንሽ ትንሽ ሲገባ ግን ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ አይደለም እንዳትሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተሰበሰበ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን መገኘቱን የሚያሳይ ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአውሮፓ ኅብረትም በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለው ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ አያስገባም። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ይፈሩታል።

የበርበሬ ዋጋ አሁን ባለበት ሁኔታ ጣዪ ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ለዚህ ነው እትዬ ስለ ማድረቅ፣ ባለወፍጮ ስለ ማቀዝቀዝ የተናገሩትን አጥብቄ የምደግፈው። ከሻገተ በኋላ መድኃኒት የለውም።

አዲስ_ሙሽራ

እሺ፣ ይጣላል። አመሰግናለሁ።

የጀሞዋ

የዳጣውስ ነገር? ዘይቱ?

የወላይታው

ዳጣ የእኛ ነው፣ እኔ ልመልስ። እኛ ቤት ዳጣ ብዙ አይሠራም። ቃሪያው ወይ ቀዩ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ድንብላሉ ድንጋይ ላይ ይፈጫል፣ ከሥጋው ጋር ይቀርባል፣ ይበላል። በባልዲ ሠርቶ ለወር ማቆየት የከተማ ልማድ ነው። ጣዕሙም እኮ በመጀመሪያው ቀን ያለው ሌላ ነው።

ቤተሙከራ

የወላይታው ያለው ከሁሉ ይሻላል። ግን ሥራ የሚውል ሰው በየቀኑ መፍጨት አይችልም። ስለዚህ ስለ ዘይቱ በግልጽ ልናገር፣ ከዚህ ውይይት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ዘይት ከላይ ሲፈስ አየር ስለሚዘጋ ሻጋታ አይታይም። ሰዉም «ተጠበቀ» ይላል። ነገር ግን አየር ሲጠፋ የሚመቸው ሌላ ተሕዋስ አለ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው። ነጭ ሽንኩርትም ዝንጅብልም ቃሪያም ከአፈር ጋር የዋሉ ናቸው፣ የዚህ ተሕዋስ ዘር ሊኖርባቸው ይችላል። እርጥበት ያለው፣ ኮምጣጣ ያልሆነ፣ በዘይት ታፍኖ ቤት ሙቀት ላይ የተቀመጠ ዳጣ ለእሱ የተመቸ ቦታ ነው። የሚያወጣው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሽታውም መልኩም አይቀየርም። በጠረኑ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ስለዚህ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ያለበት ነገር ሁሉ፣ ዳጣም ይሁን አዋዜ፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ከ4 ቀን ባይበልጥ። ሎሚ ወይም አቼቶ መጨመር ይረዳል፣ ምክንያቱም ኮምጣጣ ነገር ተሕዋሱን ያግደዋል። ግን ቤት ውስጥ በቂ መሆኑን መለካት ስለማንችል ሎሚ ጨመርኩ ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት።

ከአራት ቀን በላይ ማቆየት የምትፈልጉ ፍሪዘር ተጠቀሙ። ዳጣውን የበረዶ ማውጫው ላይ ሞልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ሲጠነክር ነቅላችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። በላችሁ ቁጥር አንድ ሁለት ፍሬ ታወጣላችሁ። አረንጓዴው ቀለምም ብዙ አይለወጥም፣ የጀሞዋ የምትፈልጊው ይህን ይመስለኛል።

የጀሞዋ

በትክክል የምፈልገው ይህን ነው። ፍሪዘሬ ትንሽ ነው ግን ለዚህ ቦታ አይጠፋም። አዋዜስ? አረቄ ወይ ጠጅ ስለሚገባበት አይቆይም?

ባለማዕድ

አዋዜን ለምን ታቆዪዋለሽ ልጄ? ደረቁ በርበሬ ቤት አለ። እንግዳ ሲመጣ በትንሽ ሳህን በጠጅ ወይ በአረቄ ለውሰሽ፣ ዘይት ጠብ አድርገሽ ታቀርቢያለሽ። ቡና እስኪፈላ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርቱ ደረቁ በርበሬ ውስጥ ተፈጭቶ ገብቷል፣ እንደገና ጥሬውን መጨመር ግድ አይደለም።

ቤተሙከራ

እትዬ በትክክል ነው ያሉት። ትንሽ አረቄ ጠብ ማለቱ ብቻውን አያቆየውም፣ በውኃ ሲቀጥን ኃይሉ ይወርዳል።

ጾመኛዋ

ስለ ሰናፍጭ እኔ ልናገር፣ በጾም ያለ እሱ አልበላም። ፍሬውን ደረቁን ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ ደረቅ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የምትፈልጉትን ብቻ ፍጩ። በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለወሰው፣ በፈላ ውኃ ከሆነ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር አይመጣም፣ ይመርራል እንጂ። ተለውሶ ጥቂት ደቂቃ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ያን ጊዜ ይነሳል። ጨዉና ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይግባ።

ቤተሙከራ

ጾመኛዋ፣ የምትይው ሁሉ ከኬሚስትሪው ጋር ይገጥማል። ፍሬው ሲሰበርና ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፣ ያ የሚሰነፍጠው ነገር የሚፈጠረው ያኔ ነው። የፈላ ውኃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ኃይሉ በማግስቱ የሚጠፋው ደግሞ የተፈጠረው ነገር ቶሎ ስለሚተን ነው። ኃይሉ ጫፍ ሲደርስ ሎሚ ወይም አቼቶ ከተጨመረበት ረጋ ብሎ ይቆያል። አስቀድማችሁ ከጨመራችሁት ግን ኢንዛይሙ ገና ሳይሠራ ይደክማል። ከዚያ ተከድኖ ፍሪጅ።

የድሬው

እኛ ድሬዳዋ ያለነውን ያሰበን የለም። እዚህ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲባል የት ነው? ልጆቹ ኬችፕና ማዮኔዝ ካልሆነ አይበሉም፣ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ስለሚያስቀምጠው ቤትም ጠረጴዛ ላይ ይውላል።

ቤተሙከራ

ሱቅ ያለው ያልተከፈተ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ፍሪጅ ይግባ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ እንደሚለው ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ኬችፕ 6 ወር ገደማ፣ ማዮኔዝ 2 ወር፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ሰናፍጭ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። በእንቁላል ቤት የሚሠራ ማዮኔዝ ግን የተለየ ነው፣ ከ4 ቀን አይለፍ። ምግብ የነካ ቢላዋ ጠርሙሱ ውስጥ አይግባ፣ በሳህን ቀድታችሁ አቅርቡ። ድሬ ላላችሁ በርበሬውንም ሽሮውንም ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አድርጉት፣ ለእናንተ የሜሪላንዷ ምክር ይበልጣል።

የጀሞዋ

መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ሄዶ የሚያድርበት ጊዜ አለ።

የሜሪላንዷ

የፍሪጁን በር አትክፈቺው፣ ዋናው እሱ ነው። ሳይከፈት ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘር ሙሉ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። ባዶ ቦታውን ውኃ በሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙዪው፣ በረዶ ሆኖ ይጠብቅልሻል። የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ደረቅ ስለሆነ ቢቀልጥም ችግር የለውም፣ እንደታሰረ ተዪው። ማዮኔዙንና ዳጣውን ግን ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ካለፈው እንዳታምኚው።

አዲስ_ሙሽራ

ሽሮዬ ላይ ነቀዝ አየሁ፣ ትንንሽ ቡናማ። የበሶብላ ቅጠል ወይ ዛላ በርበሬ ጣል አድርጊበት ይላሉ። እውነት ነው?

ቤተሙከራ

ሽታው አዲስ የሚመጣውን ሊያርቅ ይችል ይሆናል፣ ውስጥ ያለውን እንቁላል ግን አይገድልም። አዲስ የተፈጨ ሽሮ ቤት ሲገባ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ 4 ቀን ያህል ይቀመጥ። ትሉም እንቁላሉም ያልቃል። ከዚያ ወጥቶ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። ፌስታል አይበቃም፣ ነቀዝ ይበሳዋል።

የጎንደሩ

የፍሪዘሩን ነገር ተቀብያለሁ፣ ምክንያቱ ገብቶኛል። አሁን እኔ የማውቀውን ላካፍል፣ ቅቤ። ስለ ቅቤ ሰው ያላነሳው ገርሞኛል። የማነጥረው ጎንደር እያለን እናቴ የምታደርገውን አይቼ ነው። ቅቤው ላይ ያለው ውኃ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ በዝግታ ይንተከተካል፣ መንጣጣቱ ሲያቆምና ከላይ ያለው ጥርት ሲል ይወርዳል። ኮሰረቱ ላይ አትሰስቱ፣ ቅቤ የሚያቆየው እሱ ነው ይባላል። ከዚያ ረጋ ብሎ በወንፊትና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ዝቃጩ ጨርሶ አይግባ። ዝቃጭ የቀረበት ቅቤ ነው ቶሎ የሚበላሸው።

ባለማዕድ

ተባረክ ልጄ፣ ወንድ ልጅ ቅቤ ሲያነጥር ደስ ይላል። ባልከው ላይ ልጨምር፣ ዕቃው ደረቅ ይሁን። ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ያለች ጠብታ ውኃ ቅቤውን ታበላሻለች። ሲቀዳም በደረቅ ማንኪያ። ደግሞ ሙቅ ቅቤ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አይፍሰስ። ጠርሙስ ወይ ሸክላ ይሻላል።

ቤተሙከራ

ኮሰረቱ እውነት ነው፣ ቅባት እንዳይበላሽ የሚረዱ ነገሮች አሉት። የተነጠረ ቅቤ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ለወራት ይቆያል፣ ፍሪጅ ደግሞ የበለጠ ያቆየዋል።

ዕቃ ከተነሳ ዘንዳ አንድ ነገር አደራ። የቀለም ባልዲ፣ የኬሚካል ጀሪካን፣ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ በርሜል ታጥቦ ለበርበሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። በሳሙና ቢታጠብም ፕላስቲኩ የያዘውን አይለቅም። ለምግብ የተሠራ ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ። የዱቄት ወተት ጣሳ ጥሩ ነው፣ ግን ክዳኑ ከላላ ወይ ውስጡ ከዛገ ይጣል። ጨው ያለበት በርበሬ ቆርቆሮን ያዝገዋል።

ባለወፍጮ

ኮረሪማ የምትገዙም ከነቅርፊቱ ግዙት። ተፈልፍሎ የተፈጨው ሽታው ቶሎ ይሄዳል። ቅርንፉዱም ቁንዶ በርበሬውም እንዲሁ ነው፣ ፍሬውን አስቀምጡና ለወር የሚሆናችሁን ውቀጡ። ለሚጥሚጣ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ የዓመቱን አንዴ ያስፈጫል። ሚጥሚጣ ትንሽ ትንሽ ሲፈጭ ነው የሚሻለው፣ ለእኔ ገበያ ባይሆንም።

የጅዳዋ

የመጨረሻ ጥያቄ። ካለፈው ዓመት የተረፈ በርበሬ አለኝ። ሻጋታ የለውም፣ ነቀዝ የለውም፣ ግን ወደ ቡናማነት አዘንብሏል፣ ሽታውም ደክሟል። አዲሱ ሲመጣ ብቀላቅለውስ?

ባለማዕድ

አትቀላቅዪ። አዲሱን ያደክምብሻል፣ ያልታየ ነገር ካለበትም ይዞት ይገባል። አሮጌውን ለብቻው ቶሎ ጨርሺው። ለምስር ወጥ ቁሌቱ ላይ ከወትሮው ትንሽ ጨምረሽ አቁላዪው፣ ማውረጃው ላይ መከለሻ በተን አድርጊበት። ዶሮ ወጥ አትሥሪበት፣ ቀለም ይፈልጋል። አዲሱ ሲመጣ ወሩን ዕቃው ላይ ጻፊበት።